አንድ ገጽ ብቻ ያለው መጽሐፍ

በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ዘንድሮ ለጥምቀት ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ መንገደኛ እጅ አንድ ጥቅል ዕቃ ላከችልን። ለእናቴ የሱፍ ሹራብ፥ ለታናሽ እኅቴ ቦርሳ፥ ለእኔ ደግሞ ስፋቱ ከደብተር ያነሰ፥ ውፍረቱ ከእርሳስ የማይበልጥ፥ ፊቱ ግራጫ መስተዋት የመሰለ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። በላዩ ላይ በለጠፈችው ወረቀት «ይህ መጽሐፍ ነው፤ ሺህ መጽሐፍ ይይዛልና ትምህርትህን ጨርስበት» የሚል ቃል ጽፋበታለች። እናቴ ዕቃውን ተቀብላ አገላበጠችና «ታዲያ ገጹ የታለ?» ብላ ጠየቀች። እኔም ገጹ አንድ ብቻ መሆኑን፥ ነገር ግን በተነካ ቁጥር እየተለወጠ ሌላ ገጽ እንደሚሆን ላስረዳት ሞከርሁ። «እንግዲያውስ አንድ ገጽ ብቻ ያለው መጽሐፍ ነዋ!» አለችና መለሰችልኝ። ያን ጊዜ አነጋገሯ አሳቀኝ፤ ቁም ነገር ያለበት መሆኑን የተረዳሁት ግን ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በሻይ ቤት የትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር «ከእንግዲህ ወዲያ መጽሐፍ ማሳተም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለተማሪው ሁሉ አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ቢታደል ነገሩ ያልቃል» የሚል ሰው አይታጣም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ ነበርሁ። ቀን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት እከታተላለሁ። የመዝገብ ቤት ሰው እንደ መሆኔ መጠን አቧራውንና የፋይሉን ክምር ጠንቅቄ ስለማውቅ፥ ወረቀት የሚባል ነገር ከዓለም ቢጠፋ ደስ ይለኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በቤታችን ውስጥ ግን ዕቃውን የሚፈልግ ሌላ ሰው ነበረ። እኅቴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ በትምህርት ቤቷ የታተመው መጽሐፍ ለተማሪው ሁሉ አልተዳረሰም፤ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ይዘውታል። የቀረውን መምህራኑ ሶፍት ኮፒውን በቴሌግራም ስለ ለቀቁላቸው፥ እኅቴ መስተዋቱ በተሰነጠቀው በእናቴ ስልክ ላይ ትለቅመዋለች። በመካከሉ ከአክስቶቼ አንዷ ስትደውል ንባቡ ይቋረጣል፤ የአክስቶቼም ወሬ ደግሞ አጭር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረ ጊዜ ከተፈተኑት ከመቶው 3 ከምናምኑ ብቻ ግማሹንና ከግማሽ በላይ እንዳመጡ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ በእኔና በእኅቴ መካከል የተነሣው ክርክር የዋዛ አልነበረም። እናቴ ዳኛ ሆና፥ ማታ ለእኔ፥ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ለእኅቴ ይሁን ብላ ፈረደች።

አሁን ስለ ዕቃው ጥቂት ልናገር። ይህ ማንበቢያ ከስልክ ወይም ከታብሌት የሚለየው ብርሃን ወደ ዐይን የማይረጭ በመሆኑ ነው። በመስተዋቱ ሥር እንደ ጠጉር የቀጠኑ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንክብሎች ተነጥፈዋል። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ጥቁሮቹና ነጮቹ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው፥ ከሥር ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወገን ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይሰምጣል። ጥቁሩ የወጣበት ቦታ ፊደል ይሆናል፤ ነጩ የወጣበት ወረቀት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ገጹ እስኪለወጥ ድረስ ቅንጣቶቹ በያሉበት ስለሚቆዩ ምንም ኃይል አይበላም። አንድ ጊዜ ቻርጅ የተደረገ ማንበቢያ ሳምንታት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩን የፈለሰፉት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ሲሆኑ፥ ኩባንያውን ያቋቋሙት በ1997 ነው (የውጭ አገር ነገር ሳነሣ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ2004 ሶኒ የመጀመሪያውን ማንበቢያ በጃፓን ለገበያ አወጣ፤ በ2007 አማዞን ኪንድል የሚባለውን አመጣ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ በዓለም ተሰራጨ።

መብራት አዘውትሮ ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም የእኔው ዕቃ አሮጌ ስለሆነ የራሱ መብራት የለውም፤ የፊት መብራት ያላቸው ከ2012 ወዲህ ነው የተለመዱት። በመጀመሪያው ሳምንት መብራት በጠፋ ምሽት ሻማ አብርቼ ሳነብ እናቴ አይታኝ፥ «የኤሌክትሪክ መጽሐፍ በሻማ!» ብላ እስኪያማት ድረስ ሳቀች። ይህን ወሬ ለጎረቤት ሁሉ ስለ ነዛችው እስከ ዛሬ ድረስ በሰፈሩ ይቀለድብኛል።

ለሳቁ ግድ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ወር ዕቃውን እጅግ ወድጄው ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሦስት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጨረስሁ። ፀሐይ ሲመታው እንደ ስልክ አይጠፋም፤ እንዲያውም ይደምቃል። የማላውቀውን ቃል በጣቴ ስነካው መዝገበ ቃላቱ ትርጉሙን ያወጣልኛል። እኅቴም ሌሊት ሌሊት አጫጭር ታሪኮችን እያነበበች እንግሊዝኛዋ ተሻሻለ፤ መምህሯም ይህን ተመልክቶ አመስግኗታል። ለዚህ ዓይነቱ ንባብ፥ ማለት ከፊተኛው ገጽ ጀምሮ እስከ ኋለኛው ድረስ በቀጥታ ለሚሄድ ንባብ፥ ከዚህ የተሻለ ዕቃ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ችግሩ የጀመረው ወደ ትምህርቱ መጽሐፍ የተመለስን ጊዜ ነው። መጀመሪያ አንድ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ከኮምፒዩተር ገልብጬ ብከፍተው ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ብቻ ተደርድሮ አገኘሁት። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፥ በዩኒኮድ፥ ከ1999 ጀምሮ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ነገር ግን ቁጥር ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ የፊደሉ ቅርጽ በዕቃው ውስጥ መቀመጥ አለበት። የእኔን ዕቃ የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡበትም። በፒ ዲ ኤፍ የተዘጋጀው መጽሐፍ ፊደሉን ይዞ ስለሚመጣ ይታያል፤ ዳሩ ግን ያ ደግሞ ሌላ መከራ አለበት። ፒ ዲ ኤፍ ማለት የወረቀቱ ገጽ ሳይለወጥ እንዳለ መቀመጡ ነው። ትልቁ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ በስድስት ኢንች ሰሌዳ ላይ ሲጨመቅ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህላል። ላጉላው ብትሉ የመስመሩ ግማሽ ከሰሌዳው ይወጣል፤ መስመሩን ለመጨረስ ወደ ቀኝ መጎተት፥ ሁለተኛውን ለመጀመር ወደ ግራ መመለስ ግድ ይሆናል። አንድ አንቀጽ ለማንበብ እንደ አራሽ በሬ ከዳር እስከ ዳር መመላለስ ነው።

ይህንንም ቢሆን በትዕግሥት ይቻላል። ያልተቻለኝ የስታቲስቲክስ መጽሐፌ ነው። የስታቲስቲክስ መጽሐፍ እንዴት እንደሚነበብ የተማረው ሰው ያውቃል። ጥያቄው በምዕራፉ መጨረሻ ነው፤ ቀመሩ በምዕራፉ መካከል ነው፤ የቁጥሩ ሠንጠረዥ በመጽሐፉ ጀርባ ነው፤ መልሱ ደግሞ ከሠንጠረዡ ቀጥሎ ይገኛል። በወረቀት መጽሐፍ አራት ጣቶቼን በአራት ቦታ ሻጥ አድርጌ እየገለጥሁ እሠራለሁ። በማንበቢያው ላይ ግን ጣቴን የማስገባበት ቦታ የለም፤ ገጹ አንድ ብቻ ነውና! ወደ ሠንጠረዡ ለመሄድ የገጹን ቁጥር መጻፍ አለብኝ፤ መጽሐፉ ላይ የታተመው ቁጥርና ዕቃው የሚቆጥረው ቁጥር ደግሞ አይገናኙም፤ ዕቃው ሽፋኑንና መቅድሙን ጭምር ይቆጥራልና። ሰሌዳው ብልጭ ድርግም ብሎ እስኪለወጥ ድረስ ጥያቄው ምን እንደ ነበረ እረሳለሁ። በሚያዝያ ወር በተሰጠን ፈተና ከ30 11 አገኘሁ። ስንፍናዬን ሁሉ በዕቃው ላይ ማላከክ አልሻም፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ከነበሩት ፈተናዎች በአንዱም ከ20 በታች አግኝቼ አላውቅም ነበር።

እኅቴም የራሷ ችግር ገጥሟት ኖሯል። አንድ ሌሊት ቀስቅሳኝ፥ «ወንድም ዓለም፥ ደም ቅዳና ደም መልስ የትኛው የትኛው ነው?» አለችኝ። የባዮሎጂው መጽሐፍ በሥዕሉ ላይ ቀዩ ይህ ነው፥ ሰማያዊው ያ ነው ይላል፤ በሰሌዳው ላይ ግን ሁሉም ግራጫ ሆኖ ልብ የሚባለው ነገር የተድበለበለ የገመድ ቋጠሮ መስሏል። እኔም ከእንቅልፌ የተነሣሁ ሰው እንኳን ልለይላት ራሴንም አላውቅም ነበርና «ነገ መምህርሽን ጠይቂ» ብዬ ተኛሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚህ በኋላ ነው «ይህን ነገር ከእኔ በፊት የሞከረው ሰው የለም ወይ?» ብዬ መጠያየቅና ማንበብ የጀመርሁት። ለካስ ነገሩ ከብዙ ዓመት በፊት ተፈትኗል። በ2009 አማዞን ኪንድል ዲ ኤክስ የሚባል፥ ሰሌዳው 9.7 ኢንች የሆነ፥ ዋጋው 489 ዶላር የነበረ ትልቅ ማንበቢያ አወጣ። ዋና ዓላማው የመማሪያ መጽሐፍ ነበር። በዚያው ዓመት በፕሪንስተን፥ በአሪዞና ስቴት፥ በሪድ ኮሌጅ፥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፥ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የዳርደን የንግድ ትምህርት ቤትና በሌሎችም ለተማሪዎች ታድሎ ተሞከረ።

በዳርደን የታየው ነገር ከሁሉ ይልቅ አስገርሞኛል። «ለሚመጣው ዓመት ተማሪ ይህን ዕቃ ለትምህርት እንዲይዝ ትመክሩታላችሁ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ከመቶው ከ75 እስከ 80 የሚሆኑት «አንመክርም» አሉ። «ለግል ንባብስ?» ሲባሉ ደግሞ ከ90 እስከ 95 የሚሆኑት «አዎን» አሉ። እንግዲህ ዕቃው አንድ ነው፤ ሰዎቹም አንድ ናቸው፤ የተለያየው የንባቡ ዓይነት ብቻ ነው። እኔ በታክሲ ሰልፍ ላይ ወድጄው በስታቲስቲክስ መጽሐፌ ላይ የጠላሁትን ነገር እነርሱ ቀድመው በቁጥር ተናግረውታል። በፕሪንስተን ለኅትመት የሚወጣው ወረቀት በግማሽ ያህል መቀነሱን ግን ሳልጠቅስ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ደግሞ ወደ ነገሩ ሥር ይገባል። ከሰባት ወር በኋላ የትምህርት ንባባቸውን በዕቃው ላይ አዘውትረው የሚያነቡት ተማሪዎች ከመቶው 40 አልሞሉም። አንዳንዶቹ በዕቃው ላይ ማስታወሻ መጻፍ ስላስቸገራቸው በማኅደሩ ውስጥ ወረቀት ሸጉጠው በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እኔም በዕቃዬ ማኅደር ውስጥ እንዲሁ የታጠፈ ወረቀት ነበረኝና። ሌላው ነጥብ የበለጠ ያሳስባል። ሰው በወረቀት ላይ ያነበበውን ነገር የሚያስታውሰው በቃሉ ብቻ አይደለም፤ «በግራ በኩል ካለው ገጽ ከታች፥ ከሥዕሉ ሥር» እያለ ቦታውንም በልቡናው ይይዛል። ገጹ ሁልጊዜ አንድ በሆነበት ሰሌዳ ላይ ይህ የቦታ ትዝታ ይጠፋል። የቤተ ክህነት ተማሪዎች በብራና መጽሐፍ ላይ ጥቅሱ ያለበትን ቦታ ሳይገልጡ በእጃቸው እንደሚያሳዩ አያቴ ይነግሩን ነበር።

በ2019 የወጣ የኖርዌይ ሴት ተመራማሪና የባልደረቦቿ ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። 50 ሰዎች አንድ አጭር የምሥጢር ታሪክ፥ ግማሾቹ በኪንድል፥ ግማሾቹ በወረቀት መጽሐፍ አነበቡ። ታሪኩን በመረዳት ረገድ በአብዛኛው እኩል ነበሩ። የትኛው ነገር ከየትኛው በፊት እንደ ተፈጸመ በቅደም ተከተል ንገሩ ሲባሉ ግን በወረቀት ያነበቡት በለጡ። ቀደም ብሎ በ2018 የወጣ፥ 54 ጥናቶችንና ከ170 ሺህ በላይ አንባቢዎችን ያሰባሰበ ሥራም፥ ዕውቀት ለሚሰጥ ጽሑፍና ጊዜ ለተወሰነበት ንባብ ወረቀት እንደሚበልጥ፥ ለልብ ወለድ ግን ልዩነት እንዳልተገኘ ገልጿል። የፈተና ተማሪ ማለት ዕውቀት ሰጪ ጽሑፍን በተወሰነ ጊዜ የሚያነብ ሰው አይደለምን?

ስለ አሪዞና ስቴት ያነበብሁትን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነግሬው ነበር። ይህ ወዳጄ ዐይነ ስውር ሲሆን በመሥሪያ ቤታችን የስልክ ኦፕሬተር ነው። በ2009 በአሜሪካ የዐይነ ስውራን ማኅበራት ያንን ዩኒቨርሲቲ ከሰሱት፤ ዕቃው መጽሐፉን በድምፅ ማንበብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉን መርጦ የሚያስከፍተው ዝርዝር ድምፅ የሌለው ስለ ነበረ ዐይነ ስውሩ ወደ መጽሐፉ መድረስ አይችልም። ጉዳዩ በ2010 መጀመሪያ በስምምነት አለቀ። ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ የእኔን ዕቃ በእጁ ዳሰሰና «የአንተስ አማርኛ ያነባል?» አለኝ። እንደማያነብ ነገርሁት። «እንግዲያው ለእኔ ይህ ጣውላ ነው፤ ውሰደው» ብሎ መልሶ ሰጠኝና የሚጮኸውን ስልክ አነሣ።

ሌላም ነገር አለ። በ2009 በሐምሌ ወር አማዞን ከአንድ ሻጭ ጋር በተነሣ የባለመብትነት ጉዳይ ምክንያት የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ በሩቁ ሰረዛቸው። ከመጻሕፍቱ አንዱ «1984» የተባለው ነበር። ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቋል። ነገር ግን ለትምህርት ቤት ሥራው በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ሲይዝ የቆየ አንድ ተማሪ፥ ማስታወሻዎቹ የሚያመለክቱት ገጽ ስለ ጠፋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆነበት። በእኛ አገር አንድ የትምህርት መጽሐፍ ከታላቅ ወደ ታናሽ፥ ከታናሽ ወደ ጎረቤት ይተላለፋል፤ ሲሰለች በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ይሸጣል። መጽሐፍ ሻጩ በሌሊት መጥቶ ከሣጥናችን ሲወስደው አላየንም።

ይህን ሁሉ ስናገር ማንበቢያውን ጨርሶ የምነቅፍ እንዳልመስል እፈራለሁ። በጋና ወርልድሪደር የተባለ ድርጅት ከ2010 ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ለሌላቸው ልጆች ኪንድል አድሏል። አንድም የታሪክ መጽሐፍ አይቶ ለማያውቅ የገጠር ልጅ መቶ መጽሐፍ በአንድ ቀን ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሆኖም በመጀመሪያው የሙከራ ዓመት ከዕቃዎቹ ከመቶው 40 ያህሉ ተሰብረዋል። የወረቀት መጽሐፍ ከቦርሳ ቢወድቅ ማዕዘኑ ይታጠፋል እንጂ ገጹ ሁሉ አይጠፋም። በእኛም አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ገደማ ብዙ ሺህ ትናንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ታድለው፥ የመማሪያ መጻሕፍቱም ተጭነውባቸው ነበር። ልጆቹ ወደዷቸው፤ ብዙ መምህራን ግን ልጁ በክፍል ውስጥ ከእኔ ይልቅ ላፕቶፑን ያያል ብለው ያስዘጉ ነበር። ዕቃ ማደል ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ መምህሩን ማሠልጠን፥ የተበላሸውን መጠገንና መጽሐፉን ለዕቃው በሚስማማ መልክ ማዘጋጀት ነው። ስዊድንን የመሰለ ሀብታም አገር እንኳ በ2023 ለታተመ የመማሪያ መጽሐፍ 685 ሚሊዮን ክሮነር መመደቡ ለእኛ አንድ ምልክት ሊሆነን ይገባል። ዛሬ ሰሌዳቸው የሰፋ፥ በብዕር የሚጻፍባቸው፥ ቀለምም የሚያሳዩ ማንበቢያዎች መጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን ለእንደኔ ያለ ጸሐፊ የሚቀመስ አይደለም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። በግንቦት ወር ማለቂያ እኅቴ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ከፊቴ ቆመች። ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገቡ ስልክም ሆነ ሌላ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ነግረዋቸዋል። «በግቢ በማድርበት ሌሊት ምን አነባለሁ?» አለችኝ። ይህን ነገር አስቀድሜ አለማሰቤ አሳፈረኝ። ዕቃውን ሸጠን መጽሐፍ እንፈልግ ብዬ ብጠይቅ እናቴ «የሰው ስጦታ አይሸጥም» ብላ ተቆጣች። ለቀጣዩ ሴሚስተር መመዝገቢያ ያጠራቀምሁት ገንዘብ ነበረኝ። በማግሥቱ ከአራቱ መጻሕፍት ዋና ዋናዎቹን ምዕራፎች መርጠን 900 ገጽ የሚያህል በፍላሽ ይዤ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድሁ። ልጁ ገጹን በሦስት ብር ነው አለኝ፤ ለእኅቴ ፈተና መሆኑን ነግሬው፥ ብዙም ስለሆነ፥ በሁለት ብር ከሃምሳ ሠራልኝ። 2,250 ብር፥ ማለት የደመወዜ ሲሶ ያህል፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ጥራዙ ሁለት ሆኖ በስፓይራል ታሰረ። በቀጣዩ ሴሚስተር ከምወስዳቸው ትምህርቶች አንዱን ለሌላ ጊዜ አስተላልፌያለሁ፤ ስታቲስቲክስ አለመሆኑ ያስቆጫል እንጂ።

ቤት ደርሼ የባዮሎጂውን ጥራዝ ከፍቼ ሳይ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ፎቶ ኮፒውም ግራጫ ነው። ልብ ያው የገመድ ቋጠሮ ነው። ብሩን በከንቱ ያፈሰስሁት መስሎኝ ደነገጥሁ። እኅቴ ግን ምንም ሳትናገር ጥራዙን ከእጄ ተቀብላ፥ የታተመው መጽሐፍ ተራ ከደረሳት ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ማታ ስትመለስ ደም ቅዳው በቀይ፥ ደም መልሱ በሰማያዊ እስክርቢቶ ተቀብቶ፥ በዳርና በዳሩም የራሷ ማስታወሻ ተጽፎበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፈተናው ድረስ የማንበቢያው የሌሊት ተራ ለእኔ ተለቀቀልኝ።

ከፊሎቹ ተፈታኞች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር እንደሚፈተኑ ስለማውቅ፥ እርሷም ከእነርሱ ወገን ብትሆን በወረቀት ማጥናቷ ይጎዳት ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር። ተፈትና ስትመጣ ጠየቅኋት። በወረቀት ተፈትናለች። ስለ ልብም አንድ ጥያቄ መጥቶላት ኖሯል፤ «ዐይኔን ጨፍኜ ገጹን አየሁት፤ ከቀኝ ከላይ፥ ቀዩ ትንሽ ከመስመር የወጣበት ጋ» አለችኝ። ውጤቱ ገና አልተነገረም።

ባለፈው እሑድ ዝናቡ ባቆመ ጊዜ፥ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የሚገባው የጎረቤታችን ልጅ ጥራዞቹን ለመዋስ መጣ። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ከማንበቢያው ላይ አንድ የወንጀል ምርመራ ታሪክ እጨርስ ነበር። ልጁ የባዮሎጂውን ጥራዝ ገልጦ ሥዕሉን ሲያይ «ይህን ማን ቀባው?» አላት። «እኔ ነኝ» አለችው፤ «የኩላሊቱን አልጨረስሁትም፤ አንተ ቀባው።»